ሚኒሞ፦ ሥልጣኗን የተነጠቀችው ቪቴ

«ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ» የሚል ባለመኪና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ይንቀጠቀጣል፣ ይወርዳል፣ ይወርድና… ቀጥ። ከኋላ የክላክስ መዓት። አንዳንዷ ደግሞ ተቃራኒ ናት፤ እግር ከነዳጅ ላይ ቢነሳም እንደተቆጣ ሰው ትጮኻለች። ሦስተኛዋ መሐል ላይ ትዋዥቃለች፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።

ቃሉ የጣሊያን ነው፣ «ትንሹ» ማለት፤ ሞተር ሳይጠፋ ሊዞርበት የሚችለው ትንሹ ፍጥነት። ጣሊያኖቹ በ1941 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ተከተሉኝ) ቢወጡም ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ የሚሉ ቃሎቻቸውን ጋራዦቻችን ውስጥ ትተው ነው የሄዱት። ከቃሉ ጋር ልማዱም ቀረ። ሚኒሞ ሲበላሽ ኮፈን ይከፈታል፣ ካቻቪቴ ይወጣል፣ አንዲት ቪቴ ሩብ ዙር ትዞራለች፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ ብር ይከፈላል። በሳምንቱ በሽታው ይመለሳል። ለምን? ያቺ ቪቴ ሥልጣኗን ከተነጠቀች ብዙ ዓመት ስለሆናት ነዋ! የነጠቃት ደግሞ የሎስ አንጀለስ ጭስ ነው።

በካርቡራተር ዘመን ቪቴዋ እውነተኛ ገዢ ነበረች። ሁለት ነበሩ በእርግጥ፤ አንዷ የአየር በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ በትንሹ ከፍታ ትይዘዋለች፣ ሌላዋ በሚኒሞ ጊዜ የሚገባውን ነዳጅ ትመጥናለች። የቀረው የጆሮ ሥራ ነው። የሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሾፌሮቻችን ይህን ጥበብ ያውቁታል። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ካርቡራተሯም በጣሊያኑ ዌበር ፈቃድ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፣ ጥቁር ያጨሳል። ይህን በካቻቪቴና በጆሮ ያስታረቀ መካኒክ ጥበበኛ ነው፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። (ሴት መኪና ይዛ ስትመጣ መልሱን ከጎኗ ለቆመው ወንድ የሚነግሩትን ግን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።)

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሻገር፤ የቪቴዋ ውድቀት የተጀመረው እዚያ ነውና። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ኔዘርላንዳዊ ኬሚስት፣ የሎስ አንጀለስን ሕዝብ ዓይን የሚያቃጥለው ጉም ከየት እንደሚመጣ አሳየ። ከመኪና የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ለመስማት አልቸኮሉም። ግዛቲቱ ግን በ1966 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የጭስ ማውጫ ገደብ ሥራ ላይ አዋለች። ሚኒሞ ደግሞ ከቆሻሾቹ ሁኔታዎች አንዱ ነው፤ ሞተሩ ጥቂት አየር እየሳበ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይደባለቅ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ ያጨሳል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎች መብራት ላይ ቆመው እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ጆሮ የተስተካከሉ ሲሆኑ አስቡት።

ነዳጅን በኤሌክትሮኒክስ መመጠን የታሰበው ከዚያ በፊት ነበር። ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤሌክትሮጄክተር የሚባል መሣሪያ በ1957 አስተዋውቆ በ1958 ጥቂት የክራይስለር መኪናዎች ላይ ተገጠመ። ብዙ አልተጓዘም፤ የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሞተርን ሙቀትና ንዝረት አልቻለም፣ አብዛኞቹም መኪናዎች ተመልሰው ካርቡራተር ተገጠመላቸው። ሐሳቡን የወረሰው የጀርመኑ ቦሽ ነው። በ1967 ዲ-ጄትሮኒክን ቮልስዋገን 1600 ላይ ገጥሞ አሜሪካ ላከው፤ የካሊፎርኒያን ገደብ ለማለፍ።

«ዲ» ግፊት ለሚለው የጀርመንኛ ቃል ናት። ኮምፒውተሩ (ያኔ ትራንዚስተር የተደረደረበት ሣጥን ነበር) ከአየር በሩ ጀርባ ያለውን ግፊት እየለካ ምን ያህል አየር እንደገባ ይገምታል። በ1974 የመጣው ኤል-ጄትሮኒክ ግን አይገምትም፤ «ኤል» አየር ናት፣ መግቢያው ላይ የሚወዛወዝ ክዳን አስቀምጦ የሚያልፈውን አየር ራሱን ይለካል። የጃፓን ፋብሪካዎችም ሁለቱን መንገዶች ወስደው የየራሳቸውን ሠሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚያሳስተው ይህ ልዩነት ነው። አንድ የቫኪዩም ጎማ ተሰነጠቀ እንበል። ግፊት በሚለካው መኪና ሾልኮ የገባው አየር ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ አየሩን ቆጥሮ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሚኒሞው ይወጣል፤ መኪናዋ ትጮኻለች። አየሩን ራሱን በሚለካው መኪና ግን ስንጥቁ ከመለኪያው በኋላ ስለሆነ የሾለከው አየር አይቆጠርም፣ ነዳጅም አይጨመርለትም፤ ሞተሩ ይራባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። አንድ ስንጥቅ፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታ! ጎረቤታችሁ «የእኔም እንደዚህ ስትጮህ ጎማ ቀይሬ ነው የዳነችው» ቢላችሁ፣ መኪናው የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ጠይቁት።

ቪቴዋ በአንድ ቀን አልወረደችም። በመጀመሪያዎቹ ኢንጀክሽኖች ላይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ አየር የሚያሳልፍ፣ ሲሞቅ ቀስ ብሎ የሚዘጋ መስኮት ተጨመረ፤ የሞቀውን ሚኒሞ ግን አሁንም ቪቴ ነበረች የምታስተካክለው። በ1976 ቮልቮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጭሱን የሚያሸት ኦክስጅን ሴንሰር ይዞ መጣ፤ የነዳጁን ምጣኔ ኮምፒውተሩ ራሱ ማረም ጀመረ። በ1980ዎቹ ደግሞ በአየር በሩ ጎን በሚያልፍ ትንሽ መንገድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሚኒሞን የሚይዘው ኮምፒውተሩ ነው። ኤሲ ሲበራ ይከፍታል፣ መሪ ሲጠመዘዝ ይከፍታል፣ ሞተር ሲሞቅ ይዘጋል።

ታዲያ ቪቴዋ ለምን እዚያው ቀረች? አዲስ አበባ ላይ ብዙ የምናየውን የ1990ዎቹን ኮሮላ ውሰዱ። የአየር በሩ ሥር ያለችው ያች ቪቴ የሚኒሞ አይደለችም፤ በሩ ሲዘጋ እንዳይነክስ የምትደግፍ ማረፊያ ናት፣ ከፋብሪካ ተለክታ የወጣች። ስትጠመዘዝ በሩ በትንሹ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ «በሩ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ካላገኘ ሾፌሩ ነዳጅ የረገጠ ይመስለዋል፤ ሚኒሞ መቆጣጠሩን ይተወዋል። ምልክቱን እያገኘ ሞተሩ ከመጠን በላይ ከዞረ ደግሞ መኪናዋ ቁልቁለት የምትወርድ መስሎት ነዳጅ ይቆርጣል፣ ፍጥነቱ ሲወርድ መልሶ ይለቃል፣ ሲወጣ ይቆርጣል። ከፍ ዝቅ የምትለዋን መኪና አሁን ታውቋታላችሁ።

ስለዚህ ሥራው ከቪቴዋ ሳይሆን ከሌላው ጫፍ ይጀመራል። ችግሩ ጠዋት በቅዝቃዜ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ይህን ያልጠየቀ መካኒክ ገና አልጀመረም። ቀጥሎ የቫኪዩም ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣት መቆንጠጥ ነው፤ ቆንጥጣችሁት የታመመው ድምፅ የሚድን ከሆነ አየሩ በዚያ መንገድ እየገባ ነው። ከዚያ የአየር በሩና ቫልቩ ይታጠባሉ። የብዙዎቹ ሕመም ከሞተሩ የሚመለስ የዘይት ጭጋግ የጋገረው ጥቁር ጥቀርሻ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ቆርቆሮ የማጽጃ ስፕሬይ። ራዲያተሩንም እዩ። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች የራዲያተሩ ውኃ በአየር በሩ ሥር አልፎ ነው ቫልቩን የሚያሞቀው፤ ውኃው ከጎደለ ቫልቩ እንደቀዘቀዘ ይቀርና ሚኒሞው አይወርድም። የሙቀት ሴንሰሩ ሲዋሽም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የበረደው መስሎት ነዳጅ ያፈስበታል። የድሮ ቶዮታ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙና ቁልፉ ሲከፈት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት በብልጭታ ብዛት ችግሩን ይናገራል። የመመርመሪያ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ መቁጠር መቻል ይበቃል።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጣጣ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ኪሳችሁን አስቡ። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ሕግ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። መንገድ ላይ ያለችው ኮሮላ እንግዲህ ተተኪዋን በቀላሉ አታገኝም፤ እናትና አባት የገዟትን ልጆች ይነዷታል። አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይና አንድ ክንድ ጎማ የሚፈታውን ነገር ሳይመረምሩ ሴንሰር፣ ፓምፕ፣ ኮምፒውተር እያሉ መቀየር የአንድ ወጣት ሠራተኛን የወራት ደመወዝ ይበላል። በሽታዋ እስኪገኝ ድረስም ጭሱን የምንስበው እኛው ነን፤ ሃገን-ስሚት የተናገረለት ፀሐይ እዚህም ይወጣል።

አዲሶቹ መኪናዎች ላይ ያ ቫልቭ ራሱ ቀርቷል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሽቦው ከነዳጅ ፔዳሉ ተለይቶ፣ የአየር በሩን ትንሽ ሞተር መክፈትና መዝጋት ጀመረ፤ ሚኒሞንም የሚይዘው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ በሩ ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ጭምር እያሰላ አከፋፈቱን ይማራል። በሩ ከታጠበ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ የምትዘበራረቀው ለዚህ ነው፤ እንደገና እየተማረች ነው። አንዳንዷ በራሷ ትጨርሳለች፣ አንዳንዷን በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማስተማር ያስፈልጋል። በሁለቱም መካከል ግን ካቻቪቴ ይዞ የሚጠጋ ሰው ካያችሁ፣ በትህትና ሻይ ጋብዙት።