ሲሰፋ ከሥር፣ ሲጠብ ከላይ

ስሙኝማ! ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ነው። መሽቷል። ቫር የሚባለው ቮሊውም ጢም ብሎ ሞልቶ ዳታቤዙ ቆሟል፤ ተርሚናሉ ምን ቢጽፉለት «ቦታ የለም» ነው መልሱ። ከጎኑ ያለው ሆም ደግሞ፣ የሠራተኞች ፋይል የሚቀመጥበት፣ 100 ጊጋባይት ተሰጥቶት ሲሶውን እንኳ አልያዘም። ወጣቱ ቴክኒሻን ይህን አየና «ከዚህ ቀንሼ ለዚያ ብሰጥስ?» ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ልክ ነበር።

ድሮ ቢሆን እንዲህ ብሎ ማሰብም አይቻልም። ዲስክ አንዴ በፓርቲሽን ከተከፈለ ጎረቤቱ ባዶ ቢሆንም ድንበር አይገፋም፤ ባክአፕ አድርጎ፣ አፍርሶ፣ እንደገና መክፈል ነበር ዕጣው። በ1998 ሃይንዝ ማውልስሃገን የሚባል ፕሮግራመር በኤችፒ ዩኒክስ የነበረውን አሠራር ይዞ ኤልቪኤምን ለሊኑክስ ጻፈ። በኤልቪኤም ዲስኮች ይደመሩና አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት በሆኑ ቁራጮች ይከፋፈላሉ። ቮሊውም ማለት እንግዲህ የቁራጮች ዝርዝር ነው። አንዱ ቁራጭ በዚህ ዲስክ፣ ሌላው በዚያ ቢሆን ግድ የለውም። እንዴት ያለ ድንቅ ሥራ ነው!

ግን ልብ በሉ። ቮሊውሙ ይዞታ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ በላዩ የተሠራ ቤት። ሲሰፋ ይዞታው ይቀድማል፣ ቤቱ ይከተላል። ሲጠብ ግን ቤቱ ቀድሞ ካልተሰበሰበ አጥሩ በሳሎን መሀል ያልፋል።

ወጣቱ ሆምን አንማውንት አደረገና ቮሊውም የሚቀንሰውን ትእዛዝ፣ ኤልቪሪዲውስን፣ ከ40 ጊጋባይት ጋር ጻፈ። የዛሬዎቹ ስሪቶች የፋይል ሲስተሙን መጠን አይተው እምቢ ይላሉ፤ ያ ግን የቆየ ስሪት ነው። በትላልቅ ፊደል «ይህ ዳታህን ሊያጠፋ ይችላል» ብሎ አስጠነቀቀና «በእርግጥ ይቀነስ?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ዋይን ነካ። ኢንተር። 15,360 ቁራጮች ከሆም ዝርዝር ወጡ።

መልሶ ማውንት ቢያደርገው እምቢ አለ። ፋይል ሲስተሙ 100 ነኝ ይላል፤ ቮሊውሙ 40 ነው። ልጁ ደንግጦ የጥገናውን ትእዛዝ፣ ኢ2ኤፍኤስሲኬን፣ «ለሁሉም እሺ በል» ከሚለው ምልክት ጋር መጻፍ ጀመረ።

«ተው! እንዳትነካው!» አሉ ከኋላው የቆሙት አንጋፋ ባለሙያ።

«ጠፋ እኮ፣ እትዬ!»

«አልጠፋም። የተለወጠው ዝርዝሩ ነው። ቫርን አስፍተሃል?»

«ኧረ ገና ነኝ።»

«ተመስገን!»

ተመስገን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሆም የወጡት ቁራጮች ለሌላ ስላልተሰጡ ማንም አልጻፈባቸውም። ዲስካርድ የሚለው ቅንብር በርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ኤስኤስዲው ያጸዳቸው ነበር። በቆራጣው ላይ የሚሠራ ጥገናም ቢሆን ጉዳቱን ሊያብስ እንጂ የወጡትን ቁራጮች ሊመልስ አይችልም።

ኤልቪኤም ደግሞ ለውጥ ከማድረጉ በፊት የቀድሞውን ዝርዝር ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ኢቲሲ ሥር፣ ኤልቪኤም ውስጥ፣ አርካይቭ በሚባል ፎልደር። እትዬ የመጨረሻውን ፋይል ከፈቱ። አናቱ ላይ «ይህ ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት የተፈጠረ» ይልና ልጁ የጻፈውን መስመር ሳያዛንፍ ያሰፍረዋል። የሆምን ቮሊውም ለጊዜው ከሥራ አወጡት፤ ዝርዝሩን ለሚመልሰው ትእዛዝ፣ ለቪጂሲኤፍጂሪስቶር፣ ያንን ፋይል ሰጡት፤ ቮሊውሙን መልሰው አስነሡ። ቀጥሎ ኢ2ኤፍኤስሲኬን ምንም ሳይነካ እንዲመረምር ብቻ አዘዙት። ንጹሕ ነው። ማውንት አደረጉት፤ የሠራተኞቹ ፎልደሮች በየስማቸው ተደረደሩ።

«አሁን ባክአፕ እናድርግ፤ ከዚያ እናሳንሰዋለን።»

«እንደገና?»

«ቫር እኮ እንደሞላ ነው! ደግሞም ዕድለኛ ነህ፣ ይሄ ኤክስት4 ነው። ኤክስኤፍኤስ ቢሆን ማስፋት እንጂ ማጥበብ ባልሞከርን።»

ባክአፑ አለቀ። ሆምን አንማውንት አድርገው ሙሉ ምርመራ አካሄዱ፤ ያለ እሱ ሪሳይዝ2ኤፍኤስ ማሳነስ አይጀምርም። ፋይል ሲስተሙን ወደ 38 አወረዱት። ጫፍ ላይ ያሉት ብሎኮች ወደ መጀመሪያው እየተጓዙ ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቮሊውሙ 40 ሆነ። ያችን የሁለት ጊጋባይት ትርፍ የተዉት አጥሩ ቤቱን እንዳይነካ ነው፤ ሪሳይዝ2ኤፍኤስን ያለ ቁጥር ሲጠሩት እሷንም ሞላት።

የቫርን ትእዛዝ ልጁ ራሱ ጻፈ፤ ኤልቪኤክስቴንድ፣ 60 ጊጋባይት ጨምር፣ ፋይል ሲስተሙንም አብረህ አስፋ። ኢንተር ከመንካቱ በፊት ቀና ብሎ እትዬን አየ። «በል» አሉት። ቫር ማውንት እንደሆነ ሰፋ፤ ዳታቤዙንም አስነሡት።