የረጋ ደም ዱካ

በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረመር፣ ልብን በሚመግበው ደም ቅዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የረጋ ደም ተሰንቅሮ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ የለም። ታዲያ ገዳዩ የረጋው ደም ነው ወይስ ልብ ከተጎዳ በኋላ የተከተለ ነገር? ሐኪሞች በዚህ ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። ዛሬ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የምናያቸው የደም መርጋት ጠቋሚዎች ታሪክም ከዚሁ ክርክር አይለይም።

ነገሩን መሠረት ያስያዘው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራው፣ በደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ በመጓዝ ሳንባ ውስጥ ሊወተፍ እንደሚችል አስረዳ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 ፕሌትሌት የሚባሉት ደቃቅ የደም ክፍሎች በመርጋት ላይ ያላቸውን ድርሻ ገለጠ። በ1912 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ፣ የልብ ደም ቅዳው በረጋ ደም የተዘጋበት ሰው ሁሉ ወዲያው እንደማይሞት ጻፈ። ሰሚ ያገኘው ግን ዘግይቶ ነው።

ክርክሩን ያሳረፈው በ1980 ከአሜሪካዋ ስፖኬን ከተማ የወጣ ጥናት ነው። ማርከስ ዴዉድና ባልደረቦቹ፣ ሕመሙ ገና እንደያዛቸው ሆስፒታል የደረሱ ሰዎችን ልብ በቀጭን ቱቦ ቀለም እየረጩ በራጅ አዩ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ውስጥ ከታዩት 126 ሕሙማን የ110ሩ ደም ቅዳ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኘ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው በታዩት ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 65 በመቶ ወረደ። የረጋው ደም የጉዳቱ ውጤት ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መብዛት ነበረበት፤ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ጥርት ያለ መልስ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በ1988 ደግሞ 17,187 ሕሙማን የተሳተፉበት አይሲስ 2 የተባለው ጥናት፣ አስፕሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ አብረው ሲሰጡ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ42 በመቶ እንደቀነሱ አሳየ።

የረጋ ደም ገዳይ መሆኑ ከታወቀ፣ ደሙ ገና ሳይረጋ አደጋውን በደም ውስጥ ማንበብ ይቻል ይሆን? ይህን በለንደን ኖርዝዊክ ፓርክ ከ1972 ጀምሮ የተከታተለው ቶም ሚድ ነው። በ1986 ባወጣው ውጤት፣ ፋይብሪኖጅን የተባለው የደም ፕሮቲን ከፍ ያለባቸው ወንዶች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ምርመራው ቀላል ነው። ደሙ ሲትሬት ባለበት ብልቃጥ ይቀዳል፤ ሲትሬቱ ካልሲየሙን ስለሚይዝበት አይረጋም። ከዚያ ውሃማው ክፍል ተለይቶ ከቀጠነ በኋላ ደም የሚያረጋው ትሮምቢን ይጨመርበትና እስኪረጋ ድረስ ሴኮንዱ ይቆጠራል። ቶሎ ከረጋ ፋይብሪኖጅኑ ብዙ ነው ማለት ነው። በ2005 የ154,211 ሰዎች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ፣ ፋይብሪኖጅን በሊትር በ1 ግራም በጨመረ ቁጥር ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ሌሎቹ አጋላጭ ነገሮች ከታሰቡ በኋላ እንኳ 1.8 እጥፍ ያህል ሆነ።

ተስፋው ትልቅ ነበር። ይሁንና ቤዛፋይብሬት የተባለው መድኃኒት ፋይብሪኖጅንን ቢቀንስም፣ የእግር ደም ቅዳ ሕመም ባለባቸው ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ2002 የወጣው ውጤት የልብ ሕመምንና ስትሮክን በጥቅሉ እንዳልቀነሰ አሳየ። በውርስ ፋይብሪኖጅናቸው ከፍ ያለ ሰዎችም በልብ ሕመም ተለይተው አልተጠቁም። ሲጋራ፣ ውፍረትና በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ብግነት ፋይብሪኖጅንን ከፍ ያደርጋሉ፤ እነሱው ራሳቸው ልብንም ይጎዳሉ። እኔ እንደማምነው የፋይብሪኖጅን መጨመር የእነሱን ሥራ ያወራል እንጂ ሕመሙን ራሱ አያመጣም።

ብልቃጥና ሰውነት አንድ እንዳልሆኑ ቀድሞ ያስተማረ ታሪክም አለ። በ1955 የክሊቭላንዱ ኦስካር ራትኖፍ፣ ደሙ በብልቃጥ ውስጥ በጣም ዘግይቶ የሚረጋ ሰው መዝግቦ ነበር። የጎደለው ዛሬ ፋክተር 12 የሚባለው የደም ማርጊያ ፕሮቲን ነው። ይህ ሰው ደም አይረጋለትም ሲባል ቆይቶ በ1968 የሞተው፣ ሳንባው ውስጥ በተወተፈ የረጋ ደም ነው።

ዲ-ዳይመር የተባለው ሌላው ጠቋሚም በልኩ መታየት አለበት። የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረው ስብርባሪ ነው። ሐኪሙ መርምሮ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ሲሆንና ዲ-ዳይመሩም ዝቅ ሲል፣ በእግር ወይም በሳንባ የረጋ ደም አለመኖሩን በአስተማማኝ ሁኔታ ይነግረናል። ከፍ ሲል ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በእርግዝና፣ በእርጅና፣ በኢንፌክሽን፣ በካንሰርም ይጨምራል። በኮቪድ ወቅት ብዙ ቤተሰብ ይህን ቁጥር እያየ ተጨንቋል።

ስለዚህ ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው እነዚህን ምርመራዎች በራሱ ገንዘብ እየከፈለ ከማሳደድ፣ የደም ግፊቱን ቢለካና ሲጋራውን ቢያቆም ይሻለዋል። ሲጋራ ሲቆም ፋይብሪኖጅኑም ይወርዳል። አንድ እግርዎ ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከጨመደደዎት ግን የምርመራ ወረቀት አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።