ከማጂ የተጻፈ አቤቱታ

ማጂ ማለዳ ጉሙ ሲገፈፍ የኦሞን ቆላ ቁልቁል የምታይ የደጋ ከተማ ናት። በዚህች ደጋ ላይ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንሲል አስቀምጦ፣ ሰንደቅ ዓላማውን ሰቅሎ፣ ዓመታት ሙሉ ስለ አንድ ነገር ሲያመለክት እንደ ኖረ ዛሬ ለአላፊ አግዳሚው ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል።

ነገሩ ሥር የሰደደው ከዐፄ ምኒልክ መዋዕል ጀምሮ ነው። ከፋ ከተያዘ በኋላ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ዘምተው ባንዲራ ከተከሉ ወዲህ፣ የሱዳን ወሰን ግንቦት 7 ቀን 1894፣ የኬንያ ወሰን ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. በውል ተወሰነ፤ ሜጀር ጉዊን የተባለው መሐንዲስም መሥመሩን እየለካ አለፈ። ከብቱን ተከትሎ ከውሃ ወደ ውሃ የሚዘዋወረው ሱርማና ቱርካና ግን ውሉን አላነበበም፤ ያነበበለትም የለም።

ወሰኑን በግልጽ የሚሻገረው ሌላው ነፍጥ ያነገተው ነበር። ደመወዝ የማይቆረጥለትና በገባር የሚያድረው ወታደር፣ የዝሆን ጥርስ አዳኙ፣ ባሪያ ፈንጋዩም፣ አንዳንዴም ሦስቱ በአንድ ሰው ተጠቃልለው፣ ወደ ሱዳንና ወደ ቱርካና ምድር ወርደው ሰውና ከብት እየነዱ ይመለሱ ነበር። ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት አገር፣ ጠመንጃ ያለው ሰው ነጋዴም ዳኛም መሆኑ አያስደንቅም።

ይህን የማጂው ቆንሲል ይጽፋል። በዚያ ወንበር ከተቀመጡት አንዱ አርኖልድ ሆድሰን፣ የኦሮምኛ ሰዋስው ያዘጋጀና አንበሳ ማደን የሚወድ ሰው ነበር። የጻፈው ሲታሸግ ሯጩ ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ቆንጥጦ፣ ስንቁን በጀርባው አንግቦ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ክረምት ከሆነ ወንዝ እስኪጎድል ማዶና ማዶ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ ያቀርባል፤ ከራስ ተፈሪ የሚወጣው ትእዛዝም በዚያው ጎዳና ተመልሶ ወደ አገረ ገዢው ይወርዳል። የአገረ ገዢው ጭፍራ ግን ብዙ ጊዜ ያው የዘመተው ሰው ስለ ነበረ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ ማጀት የሚበሉ ያህል ነበር።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በዕለተ መስቀል፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን የባርነት ዐዋጅ ወጣ። ሎንዶን ግን ስለ ወሰን ዘመቻው የተጻጻፈውን ሰብስባ በፈረንጆች 1925 እና 1928 በመጽሐፍ አሳተመችው። አቤቱታው እውነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም እንግሊዝና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሳያማክሯት በተስማሙ ጊዜ፣ ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም. የራሳቸውን ተቃውሞ ለዚያው ማኅበር መላካቸው ሲታሰብ፣ የተበዳይነት ብዕር በአንድ እጅ ብቻ እንዳልነበረ ይታያል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል ቦታ ያጣው ነው። ከማዶ የተማረከው ቱርካና በስም ባይሆንም በቁጥር ይጻፍለታል፤ ከማጂ ተራራ ግርጌ የሚወሰደው የአገሩ ተወላጅ ዲዚ ግን የማንም ንጉሥ የውጭ ተገዢ ስላልነበረ ውሉ አያውቀውም። ሹም በተሻረ ቁጥር ጭፍራው ገባሩን ከነልጆቹ ይዞ ይሄድ እንደ ነበር ቆንሲሎቹ አይተዋል፤ በየመጽሐፋቸውም አስፍረውታል። ካሳ የሚጠየቅለት ግን የግርማዊ ንጉሥ ጆርጅ ዜጋ ብቻ ነበር። በማጂ ዙሪያ ባዶውን የቀረ ጎጆ ማን ይቁጠረው?

በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። የሙርሌ ጎሣ ታጣቂዎች መሆናቸው የተነገረላቸው ሰዎች ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው በጋምቤላ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገድለው፣ ከመቶ የሚበልጡ ሕፃናትን ይዘው ሄዱ። በዚህ ጊዜ ልጆቹ እንዲመለሱለት የጠየቀው የአዲስ አበባ መንግሥት ነበር፤ መልእክቱንም በተሰነጠቀ በትር የሚሸከም ሯጭ አላስፈለገውም። ልጆቹ ግን በአንድ ቀን አልገቡም፤ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተመለሱ።