በ«ማር» ውስጥ የተሰወረው ተምር

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 8 ቁጥር 8 የተስፋይቱን ምድር በረከቶች በሰባት ይቆጥራል፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራ፣ በመጨረሻም ማር። ስድስቱ ከምድር በቅለው ሰባተኛው ብቻ ከንብ መምጣቱ ለጥንት የአይሁድ መምህራን አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ እዚህ ላይ «ድቫሽ» የተባለው ተምር ነው ሲሉ ፈቱት።

የአረብኛው እኅት ቃል «ዲብስ» ዛሬም የተምር ጭማቂ ወፍሮ የሚገኘውን ጥቁር ጣፋጭ ያመለክታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፍሬው በውኃ ይቀቀላል፣ በጨርቅ ይጨመቃል፣ ጭማቂው እንደ ማር እስኪወፍር በቀስታ እሳት ይንተከተካል። ስኳር አይገባበትም። ኢራቃውያን ከተፈጨ ሰሊጥ ጋር አዋሕደው በቁርስ ሰዓት በዳቦ ይበሉታል፤ የኢራቅ አይሁድም «ሲላን» እያሉ ወደ እስራኤል ይዘውት ገብተዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን እሳት እንኳ አያሻም ነበር። በባሕሬን ምሽግና በቀጠር በአል ዙባራ ፍርስራሽ የተገኙት ባለቦይ ወለሎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ በላያቸው የተነባበረው ተምር በገዛ ክብደቱ እየተጨመቀ ጭማቂው በቦዩ ወደ ማሰሮ ይወርድ ነበር።

ሆኖም ድቫሽ ሁሉ ተምር አይደለም። ሳምሶን ከአንበሳው በድን ያወጣው የንብ ማር ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የቴል ረሆቭ ቁፋሮም ወደ 3,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የጭቃ ቀፎዎች አስገኝቷል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም «ማር» ይላቸዋል። በጠጅ አገር ያደገ አንባቢ ንብን ብቻ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ በኅዳግ አንዲት ማስታወሻ ብትቀመጥለት ግን ባልከፋ ነበር።