ስሙ ስለ ተረሳው የሙዚቃ ጓድ

«ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» የሚለው ዘፈን በተሰማ ቁጥር እኛ የፍላቂት ልጆች ስለ ሰፈራችን የተዘፈነ ይመስለናል። ዘፋኙን ተሾመ ምትኩን ታላላቆቻችን ያውቁታል፤ ያጀበውን የሙዚቃ ጓድ ስም ጠይቀን ግን የሚነግረን አጣን። እርሱም ሶል ኤኮስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሥራ ነበረ። ከእንግሊዝ እስከ አሜሪካ ወጣቶች የራሳቸውን ጓድ በሚያቋቁሙበት በዚያ ዘመን፣ ሶል ኤኮስ የመንግሥት ደመወዝ ሳይጠብቁ ከቆሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። መሣሪያው የውጭ፣ ቅኝቱ ግን የአገር ነበረ፤ ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከወሎአችን መሆኑን ስንጽፍ ጥቂት ብንኮራ አንባቢ ይታገሠን።

ተሾመ እ.ኤ.አ. በ1970 ከአገር ወጥቶ ረጅም ዘመን በስደት ኖረ። ዘፈኑን ዛሬም ብዙዎች የሚያንጎራጉሩት የጓዱን ስም ሳይሰሙ ነው።