ድንጋዩ ቀረ፣ ስሙ መጣ

ለቤተ ክርስቲያን «ተሠራ» ከማለት ይልቅ «ተተከለ» ማለት ይቀናናል። እገሌ ደብር በእገሌ ንጉሥ ዘመን ተተከለ እንላለን፤ እንደ ወይራ፣ እንደ ዋርካ። የተተከለ ነገር ደግሞ ከአንዱ ስፍራ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሊጸድቅ ይችላል፤ ሊደርቅም ይችላል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ ከግብፅ ተነቅላ ተጉለት ላይ የተተከለችው ደብረ ምጥማቅ ናት። አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይጓዝ የተዛወረች ደብር!

ዓባይ ከሜዲትራንያን ባሕር ሊቀላቀል ሲል በሚዘረጋው ለም መሬት ላይ ግብጻውያን «ደይር አል መግጠስ» የሚሉት የእመቤታችን ገዳም ነበር። መግጠስ መጠመቂያ፣ መጥለቂያ እንደ ማለት ነው። አባቶቻችን ትርጉሙን ጠብቀው ወደ ግእዝ መለሱትና «ደብረ ምጥማቅ» አሉት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እመቤታችን በብርሃን ተከባ፣ መላእክትና ሰማዕታት አጅበዋት ለአምስት ቀን ትገለጣለች ተብሎ ይታመን ስለነበር ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፍ ነበር። ይህን ጉዞ የመዘገቡት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም፤ የዘመኑ ሙስሊም የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚም ጽፎታል። ገዳሙ በ1430 ዓ.ም. ፈረሰ።

ወሬው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘንድ የደረሰው ተጉለት ውስጥ እጉባ በሚባል ቦታ ሰፍረው ሳለ ነው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ የዮሐንስ መልእክተኞች መርዶውን ሲነግሯቸው ንጉሡ አለቀሱ። እኔን የሚገርመኝ ከልቅሶው ቀጥሎ የሆነው ነው። እንግዶቹን አጽናኑና እዚያው እጉባ ላይ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ አዘዙ፤ ስሟም ደብረ ምጥማቅ ይሁን አሉ። አለቀ። ከግብፅ የመጣ ድንጋይ የለ፣ የመጣ ምሰሶ የለ። የመጣው ስሙና በዓሉ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን «እውነተኛ ማዛወር አይደለም» ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። በእኛ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው። ሳር ክዳኑ ይቃጠላል፣ ጭቃው ይናዳል፣ ታቦቱ ግን ተሸሽጎም ተሰዶም ይኖራል፤ ቀን ሲወጣ ሌላ ቤት ይሠራለታል። አክሱም ጽዮን በግራኝ ዘመን ፈርሳ ዐፄ ፋሲል እንደ ገና ሲያሠሯት፣ ያቺው ጽዮን አይደለችም ያለ ሰው አልነበረም። ዘርዓ ያዕቆብ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፍ አሉ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠሩም።

ሰውየው ደግሞ ነገር በዋዛ የሚተዉ አልነበሩም። ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። በ1436 ዓ.ም. ካይሮ ለነበረው ለሱልጣን ጀቅመቅ ደብዳቤ ላኩ። በእኔ አገር የሚኖሩት ሙስሊሞች በሰላም ነው የሚኖሩት፣ አንተ ግን ቤተ ክርስቲያን ታፈርሳለህ የሚል ወቀሳ ነው። የዓባይንም ነገር ጣል አድርገውበታል፤ ውኃውን ከመከልከል የሚያግዳቸው አቅም ማጣት ሳይሆን ፈሪሃ እግዚአብሔር መሆኑን። (የዓባይ ጨዋታ ትናንት የተጀመረ ለሚመስለው ሁሉ ይህ ደብዳቤ ጥሩ ንባብ ነው።) ሱልጣኑ መልእክተኛና ገጸ በረከት ሰደደ፤ ገዳሙን ግን እንዲሠራ አልፈቀደም።

ካይሮ እምቢ ብትል ተጉለት ሠርታለች። በ1442 ዓ.ም. ደግሞ በዚችው በአዲሲቱ ደብረ ምጥማቅ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። መቶ ዓመት ገደማ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲከፍላት የቆየው የቀዳሚት ሰንበት ክርክር እዚያ ተቋጨ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜን እንደ እሑድ እናክብር ሲሉ ኖረዋል፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ይሁን ተባለ። ተተኪዋ ደብር በራሷ ታሪክ ቆመች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከደጋው ወደ ቆላው ልውረድ፤ የተጉለት ታሪክ ያለ ይፋት ጎዶሎ ነውና። የደሴው መንገድ ከጣርማበር እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ጠዋት በጋቢ የተጀቦነው መንገደኛ ሸሚዙን መፍታት ይጀምራል። ይህ ሞቃት ምድር በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበር፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ነጋዴ መተላለፊያ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ከሰብረዲን ጋር የተዋጉት በዚሁ የተነሣ ነው። ኋላ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ሲመለሱም ይፋትን ትተው ወደ ምሥራቅ አዳል ላይ ተተከሉ። ከልጆቹ አንዱ በድላይ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ለካይሮ ደብዳቤ በጻፉ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1438 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ደዋሮ ላይ የገደሉት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደጋው ላይ ድንጋዩ ሩቅ አገር ቀርቶ ስሙ መጣ። ቆላው ላይ መንግሥቱ ሄዶ ድንጋዩ ቀረ።

ድንጋዩ ዛሬም አለ። በ1990ዎቹ ማብቂያና ከዚያ ወዲህ ፎቬልና ሂርሽ የሚባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በሸዋ ሮቢት ዙሪያና በይፋት ተረተር ላይ የፈረሱ የሙስሊም ከተሞችን አጠኑ፤ አስበሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ፣ ኖራ፣ በሪ ይፋት። በሪ ይፋት ላይ በዐረብኛ የተጻፈባቸው የ14ኛው መቶ ዓመት የወላስማ መቃብሮች ተገኙ። ኖራ ላይ (የግድግዳ ቀለሙ ኖራ እንዳይመስላችሁ፣ የከተማዋ ስም ነው) የመስጊዱ ግድግዳ በደንብ በተጠረበ ድንጋይ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ነው የተገኘው። ወራሽ የለውም እንዳይባል አርጎቦች እዚያው ይፋት ውስጥ አሉ። ግን ተነሥቶ «እዚህ እንደ ገና ይሠራ» የሚል ንጉሥ ኖራ አላገኘችም።

የዘመኑ ሰው ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ድንጋዩንም ስሙንም ይዞ መሄድ። የአስዋን ግድብ ሲሠራ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1956 እስከ 1960 ዓ.ም.፣ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከሺህ በላይ ሆነው ተቆረጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተጻፈበትና ስድሳ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገጠመ። ያው ውኃ የዋጠው የኑብያ የፋራስ ካቴድራል ግን አልተነሣም፤ ፖላንዶች ከግድግዳው ላይ ሥዕሎቹን ልጠው ግማሹን ወደ ካርቱም፣ ግማሹን ወደ ዋርሶ ወሰዱ። የኑብያ ክርስቲያኖች ከጠፉ ዘመናት አልፈው ነበርና ስሙን ተሸክሞ ሌላ ቦታ የሚተክል አልነበረም። የእኛው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ሲመለስ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ተለክቶና ተመዝግቦ ነው።

እኛ አገር በየደብሩ የሚደረገው ከሦስቱም የተለየ ነው። ቦታውም ስሙም ታቦቱም ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚጠፋው ቤቱ ነው። ክቡ፣ ባለ ሳር ክዳኑ፣ የወይራ ምሰሶ ያለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ይፈርስና በሲሚንቶና በቆርቆሮ ትልቅ ሕንፃ ይቆማል። ምእመናኑን አልፈርድባቸውም፤ ለአምላካቸው የተሻለ ቤት ነው የመኙት፤ ብሩንም ያዋጡት ከጉሮሯቸው ቀንሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይደነግጋል፤ አዋጁን ግን የገጠር ሰበካ ጉባኤ ጠረጴዛ ላይ እስካሁን አላየሁትም። አንድ ጊዜ ደጋው ላይ አዲስ ሕንፃ ያስመረቁ አንድ አባት አገኘሁና፣

«አባቴ፣ አሮጌው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«እንጨቱ ማገዶ ሆነ ልጄ፤ ድንጋዩም መሠረት ገባ» አሉኝ።

«ሳይፈርስ ልኬቱን የወሰደ ሰው ነበር?»

«ለምን ብሎ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ገርሟቸው። ፎቶግራፍም የለም።

ነገሩን የሚያስገርመው ሌላው ይህ ነው። ሰው ጥሏት ከሄደ መቶ ዓመታት ያለፏት የቆላዋ ኖራ የመስጊዷ ፕላን በሜትር ተለክቶ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ነገ ግድግዳዋ ቢናድ እንኳ ሚህራቡ የት እንደነበር ይታወቃል። ደጋው ላይ ትናንት ከአጠገባችን የፈረሰው ክብ ቤተ ክርስቲያን በሩ ስንት ክንድ ይሰፋ እንደነበር የሚያውቁት ግን ውስጡ ያስቀደሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።