የባለ ጋሪው ሃያ ደቂቃ

አጭር ፊልም ለረጅሙ መለማመጃ ነው የሚለው አስተሳሰብ በተመልካችም በባለሙያም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1963 ዳካር ላይ የሠራው «ቦሮም ሳሬት» ግን ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሠሪው በሲኒማ አዲስ ቢሆንም ለታሪክ ነገራ አዲስ አልነበረም፤ በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሠራ፣ በ1960 የባቡር ሠራተኞችን አድማ የሚተርክ ልብ ወለድ ያሳተመ፣ አርባ ዓመት የሞላው ደራሲ ነበር። ሞስኮ ድረስ ሄዶ በጎርኪ ስቱዲዮ የተማረውም መጻሕፍቱ ማንበብ ለማይችለው ወገኑ እንደማይደርሱ ስላወቀ ነው። ሰፊ ታሪክ መጻፍ የሚችል ሰው አንድ ቀን ብቻ መረጠ።

ያ ቀን የአንድ ባለ ጋሪ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት የሚያሳፍራቸው ጎረቤቶች በወጉ አይከፍሉትም፤ ያገኛትን ሳንቲም የአያቶቹን ገድል ለሚያወድስለት አዝማሪ ይሰጣል፤ የሞተ ሕፃን የታቀፈ አባት ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ከመቃብር በር ይመለሳል። ከዚያ አንድ ሱፍ ለባሽ ጋሪ ወደማይገባበት ወደ ፕላቶ ሰፈር ውሰደኝ ይለዋል። ፖሊስ ያስቆመዋል። ባለ ጋሪው ወረቀቱን ሊያወጣ ሲል የጦር ሜዳ ኒሻኑ መሬት ይወድቃል፤ ፖሊሱ በጫማው ይረግጠዋል። ስለ ኒሻኑ ማብራሪያ የሚሰጥ ትዕይንት የለም፤ አያስፈልግምም። ለፈረንሳይ የተዋጋ ሰው በነፃ አገሩ ምን እንደጠበቀው ያቺ ጫማ ትናገራለች። ጋሪውን ተነጥቆ ባዶ እጁን ቤት ሲገባ ሚስቱ ልጁን ታስታቅፈውና ማታ እንበላለን ብላ ትወጣለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ፊልሙ አይነግረንም።

ፊልሙን ያሳጠረው ምርጫ ሳይሆን ድህነት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። በ1934 የወጣው የላቫል ድንጋጌ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ያለ ፈቃድ ፊልም መቅረጽን ከልክሎ ስለነበር፣ አፍሪካዊው ፊልም ሠሪ ፖሊን ቪዬራና ጓደኞቹ በ1955 አጭር ፊልማቸውን የሠሩት ፓሪስ ላይ ነው። የሴምቤንም መሣሪያ ውስን ነበር፤ ድምፁ የገባው ከቀረጻ በኋላ ነው። ነገር ግን እጦት ፊልምን አጭር ሊያደርግ ይችላል እንጂ የተሟላ አያደርገውም። በሥፍራው ድምፅ መቅረጽ ስላልተቻለ ሴምቤን የባለ ጋሪውን የልብ ንግግር አሰማን፤ ለፖሊሱ ሊመልስለት ያልደፈረውን እኛ እንሰማለን። ይህ የሙያ ብልሃት ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ያ የልብ ንግግር በፈረንሳይኛ ነው። የዳካር ድሃ በገዢው ቋንቋ ሲያስብ መስማት ይቆረቁራል፤ ፊልሙ ለታሰበለት ሕዝብም እንቅፋት ነው። ሴምቤንም በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ሠርቶ መንገዱን አስተካክሏል። ጉድለቱ ግን የቋንቋ እንጂ የርዝመት አይደለም። ባለ ጋሪው በወሎፍ ቢያስብ ፊልሙ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፤ አንድ ሰዓት ቢጨመርበት ግን ሚስቱ የሄደችበትን ማሳየት ይመጣና ተመልካቹ ራሱ እንዲጨርሰው የተተወለት ጥያቄ ይወሰድበታል።